«ይህን ዓለም አትምሰሉ»፦ የጥያቄና መልስ ሰዓት

መምህር፦ የዛሬው ርዕስ ሮሜ 12፥2 ነው፤ «ይህን ዓለም አትምሰሉ፣ በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» የሚለው። ጠይቁ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ጥቅስ ስታመጡ ከላይና ከታች ያለውን አንብባችሁ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዮሐንስ 3፥16 እግዚአብሔር ዓለሙን ወደደ ይላል። 1ኛ ዮሐንስ 2፥15 ዓለምን አትውደዱ ይላል። ግራ ገባኝ።

መምህር፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ግራ ያጋባን «ዓለም» የሚለው ቃላችን ነው፤ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው፣ ለሁለት የግሪክ ቃላትም ይቆማል። ዮሐንስ በሁለቱም ቦታ የጻፈው ኮስሞስ ነው። 3፥16 ላይ ሰዎቹን ማለቱ ነው። በመልእክቱ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ቁጥር 16 ራሱ ይነግርሻል፦ የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮት፣ በንብረት መመካት። ጳውሎስ ሮሜ ላይ የጻፈው ደግሞ አይኦን ነው፤ ዘመን ማለት። «ለዘላለም» ስንል እኮ «ዓለም» ጊዜ ነው፣ ቦታ አይደለም። ስለዚህ የዘመኑን ቅርጽ አትያዙ ነው የሚለን። ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወዶ ጳውሎስን ጥሎ ወደ ተሰሎንቄ ሲሄድም (2ኛ ጢሞ 4፥10) ቃሉ ይኸው ነው።

«ተለወጡ» የሚለውንም እዩት። ማቴዎስ 17፥2 ላይ ጌታ በተራራው «ተለወጠ» የሚለው ያው ግስ ነው። ያ ልብስ መቀየር አይደለም፤ ከውስጥ የሚወጣ ብርሃን ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሱሪና ሜካፕስ?

መምህር፦ ሮሜ 12 ስለ ልብስ አያወራም። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ ይፈቀዳል?

መምህር፦ የቱ? ምን የሚል? እንዲህ በደፈናው ለሚጠየቅ መልስ የለኝም።

አንድ አባል፦ መምህር፣ እንዲህ ነገሩን ካላላን ምን ቀረ? ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ እምቢ ብሏል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ በባቢሎን ስሙን ለውጠው ብልጣሶር ሲሉት ግን ዝም አለ። የከለዳውያንንም ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል።

የመጀመሪያው፦ ስሙን እሱ አልመረጠው!

ሁለተኛው፦ ማዕዱንስ መረጠው እንዴ?

መምህር፦ ቆይ፣ ቆይ። ምዕራፍ 1ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዳንኤል ሁሉንም አልጣለም፣ ሁሉንም አልተቀበለም። የሚያረክሰውን ለየና በዚያ ጸና። ደግሞ አልተሳደበም። አለቃውን ለመነ፤ አትክልትና ውሃ ሰጥታችሁ 10 ቀን ፈትኑን አለ። ጳውሎስም «ፈትናችሁ ታውቁ ዘንድ» ይላል። መለየት ሥራ ነው፤ ዝርዝር ይዞ መዞር አይተካውም።

ጥያቄ፦ ከማያምኑ ጓደኞቼ ልራቅ?

መምህር፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 5፥10ን አንብብ። እንደዚያማ ከሆነ ከዓለም መውጣት ነበረባችሁ ይላል። ዮሐንስ 17፥15ም አለ፤ ጌታ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም ይላል።

ጥያቄ፦ ዘመኑን መምሰሌን በምን ላውቅ?

መምህር፦ ምዕራፉን ጨርሺው። ቁጥር 17 ክፉን በክፉ አትመልሱ ይላል። ቁጥር 20 ጠላትህ ቢራብ አብላው ይላል። ዘመኑ የነካህን አትማረው ነው የሚለው። እኔ አለባበሴን ስጠብቅ፣ ዘፈን ስሸሽ፣ በአንድ ወንድሜ ላይ ለዓመታት ቂም ይዤ ኖሬያለሁ። ሰላም ሲለኝ መንገድ እቀይር ነበር። ማንም ዓለማዊ አላለኝም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሱሪ ግን…

መምህር፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ንቅሳትስ?

መምህር፦ ጥቅሱን ከነዙሪያው አምጪና አብረን እናንብበው።