ዓለምን አብረን እየዞርን እኛ ግን ተራራቅን

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሥራችንን ለቀን፣ ቤታችንን አስረክበን፣ በጀርባችን የምናዝለውን ቦርሳ ብቻ ይዘን ከወጣን አሥራ አራት ወር ሆነን። ደቡብ አሜሪካን ዞረን ከሊማ ወደ ባንኮክ በረርን፤ አሁን ላኦስ፣ ሉዋንግ ፕራባንግ ነን። መጀመሪያ ላይ እንደ ልጅ ነበር የምንስቀው፤ አሁን ውሃ ቀጠነ ብለን እንጣላለን። አውቶቡስ የማጣራው፣ ማደሪያ የምይዘው፣ ቪዛውንና ገንዘቡን የምከታተለው እኔ ነኝ። እሱ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ይላል፤ ካልተመቸው ግን ያኮርፋል። ስናገረው የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል። ከሁሉ የከፉት ጠቦቻችን ሁለት ናቸው። ከሊማ በርረን ኩስኮ በገባን ቀን ራሴን አሞኝ ስተኛ «ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?» አለኝ። ባንኮክ በደረስን በሳምንቱ ደግሞ «እንዲህ አላውቅሽም ነበር» አለኝ። በቀደም የተሳሳተ መናኸሪያ ሄደን ሌሊቱን ወንበር ላይ ስናድር አንድ ቃል ሳይናገረኝ ነጋ። አሁን ወደ አውሮፓ እንሂድ ይላል። እኔ ደክሞኛል። ግን ሰው ሁሉ የሚመኘውን እየኖርኩ ደከመኝ ማለት ያሳፍረኛል። ፍቅራችን አልቆ ይሆን?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ፍቅር ማለቅ የሚናገር መስመር ግን አላገኘሁበትም። ያገኘሁት እንቅልፍ ማጣትን፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተከመረ ኃላፊነትን፣ እንዲሁም ከአሥራ አራት ወር ወዲህ ለአንድ ቀን እንኳ ያልተለያዩ ሁለት ሰዎችን ነው። ትዳርሽ ላይ ከመፍረድሽ በፊት እነዚህን እንያቸው።

ከሰውነት ልጀምር። ሁለቱ ከባድ ጠቦች ኩስኮና ባንኮክ ላይ መነሣታቸው እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። ሊማ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ ኩስኮ ደግሞ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደረሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ በድንገት የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍም ሊነሳው ይችላል። ሕመሙ ደግሞ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ባለቤትሽ ያንን ያለሽ ጨክኖ ሳይሆን እሱን ስላላመመው ሊሆን ይችላል።

ወደ ባንኮክ ስትበሩ ደግሞ ቀኑና ሌሊቱ ተገለበጠባችሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት 12 ነው፤ ሊማ እኩለ ሌሊት ሲሆን ባንኮክ እኩለ ቀን ነው። ሰውነት በቀን የሚያካክሰው አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ በሳምንቱም ገና መንገድ ላይ ነበራችሁ። «እንዲህ አላውቅሽም ነበር» የሚለው ቃል ያማል፤ ይቅርታ ሊጠይቅሽም ይገባል። ግን እንቅልፍ ካጣ ሰው አፍ የወጣን ቃል የትዳርሽ ፍርድ አድርገሽ አትያዢው። ከእንግዲህ አህጉር ስትሻገሩ ወይም ከፍታ ላይ ስትወጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ገንዘብም፣ ስለ ቀጣዩ መንገድም፣ ስለ ትዳራችሁም አትወያዩ። ብሉ፣ ተኙ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

ይህ ግን ሁሉንም አይመልስም። ወደ መናኸሪያው ሌሊት ልመለስ፤ የችግራችሁ እምብርት እዚያ ነው።

«አንቺ ያልሽው ይሁን» ሲባል ደግነት ይመስላል። በውስጡ ግን ሌላ ነገር አለ፦ የመረጠ ሰው ተጠያቂም ይሆናል። መንገዱን ያጣራሽው አንቺ ስለሆንሽ መናኸሪያው ሲሳሳት ስሕተቱ ያንቺ ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ተቀምጦ የሚያኮርፍ ተሳፋሪ ሆነ። አንቺ የጉዞው አስጎብኚ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሆነሻል፤ ማታ ማታ ከደንበኛሽ ጋር ነው የምትተኚው። ስትደክሚ ትነዘንዣለሽ፣ ስትነዘንዢ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ድምፅሽ ይጨምራል። አንድሩ ክሪስተንሰን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ አንዱ የሚያሳድድበት ሌላው የሚሸሽበትን ዑደት ነው። ሁለታችሁም «እሱ ነው የጀመረው»፣ «እሷ ነች የጀመረችው» ትላላችሁ፤ ሁለታችሁም ከቆማችሁበት ሲታይ እውነታችሁን ነው።

«እርዳኝ» አትበዪው። እርዳታ ሲሆን ሥራው ያንቺው እንደሆነ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ የሚቀጥለውን አንድ አገር ሙሉ በሙሉ ለእሱ ስጪው፦ ቪዛውን፣ አውቶቡሱን፣ ማደሪያውን፣ የዕለት በጀቱን። ከዚያም አትከታተዪው። የማደሪያውን አስተያየት ከጀርባው ገብተሽ አታንብቢ። ምናልባት መስኮት የሌለው ክፍል ይይዛል፤ ምናልባት አውቶቡስ ያመልጣችኋል። ያን ጊዜ «ብዬህ ነበር» አትበዪ። የምጠይቅሽ ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉን መቆጣጠር የለመደ ሰው ሲለቅ እጁ ይንቀጠቀጣል። ካልለቀቅሽ ግን እሱ ተሳፋሪ ከመሆን አይወጣም።

ስለ ጆሮ ማዳመጫው ንቀት ነው ብለሽ ጽፈሻል ባልልም ከመስመሮችሽ መካከል ይሰማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ጥንዶች ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን እየለኩ ባደረጉት ጥናት አንድ ነገር አሳይተዋል፦ ልብ በጣም ሲመታ፣ ጎትማን እንደሚሉት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ፣ ሰው መስማት ያቆማል። ለመረጋጋት ደግሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ቤት ቢሆን ሰው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። በአንድ ጠባብ የሆስቴል ክፍል ውስጥ ግን ያለው መሸሻ ያ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚጎዳሽ መቼ እንደሚመለስ አለማወቅሽ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም «አሁን አልችልም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ» ማለትን ልመዱ፤ ከዚያም በሰዓቱ ተመለሱ። ኩርፊያና እረፍት የሚለዩት በመመለሻ ሰዓቱ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ቅር ሊልሽ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ተለያዩ።

ስለ መፋታት አይደለም የማወራው። ባልና ሚስት እንደ ልማዱ ጠዋት ተለያይተው ማታ ይገናኛሉ፤ የየራሳቸውን ወሬ ይዘው ይመጣሉ። እናንተ ግን ቁርሱም፣ መንገዱም፣ ሕመሙም፣ የሚያምረው መልክዓ ምድርም አንድ ላይ ነው። አንዱ ያላየውን ሌላው አላየም። ምን ትነግሪዋለሽ? በምንስ ይናፍቅሻል? አርተር አሮንና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ጥናት ጥንዶች እጅና እግራቸው በአንድ ወገን ተጣብቆ መሰናክል እንዲሻገሩ አድርገው፣ እንዲህ ያለ አዲስና ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አብሮ መሥራት በግንኙነት መርካትን እንደሚጨምር አግኝተዋል። ያ ሙከራ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። በየቀኑ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ አልጋ ሲሆን፣ እንደኔ እምነት፣ አዲስ የሚሆንላችሁ ጸጥታና የራስ ጊዜ ነው።

አንቺ ሉዋንግ ፕራባንግ ቆዪ፤ የራስሽን ክፍል ያዢ፤ እስኪበቃሽ ተኚ። እሱ ወደ ሰሜኑ ተራራ ይሂድ፣ ወይም በጀልባ ሜኮንግን ይውጣ፤ የሚወደውን እሱ ይምረጥ። አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። ከመለያየታችሁ በፊት በምን ሰዓት እንደምትደዋወሉ፣ አንዳችሁ ብትታመሙ ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ፓስፖርትና የባንክ ካርድ ያዙ። በየሰዓቱ አትጻጻፉ፤ ስትገናኙ የምትነጋገሩት ይኑራችሁ።

ፓስፖርትን ካነሣሁ ይህን በግልጽ ልጠይቅሽ፦ ትፈሪዋለሽ? እጁን አንሥቶብሽ፣ ወይም ገንዘብና ሰነድ ከልክሎሽ ያውቃል? በደብዳቤሽ ውስጥ ምልክቱን አላየሁም። ካለ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቅር፤ ቀድመሽ ደኅና ቦታ ድረሺ፣ ለምታምኚው ሰው ወይም ለኤምባሲሽ ደውዪ። እንዲሁም ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብሽ በስልክም ቢሆን ባለሙያ አነጋግሪ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የወባ መከላከያ የምትወስጂ ከሆነ ስሙን ተመልከቺ። ሜፍሎኪን የተባለው ጭንቀት፣ ቅዠትና የስሜት መለዋወጥ ሊያመጣ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። በራስሽ አታቋርጪው፤ ሐኪም ጠይቂ።

ደከመኝ ማለት ስላሳፈረሽ ደግሞ አዝኛለሁ፤ ሳያስፈልግ ሁለት ሸክም አስይዞሻል። የሰው ልብ የሚያምረውንም ይለምዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል ይህን የጻፉት በ1971 ነው። የማቹ ፒቹን ደመና ያየች ዓይን አሥራ ሦስተኛውን ቤተ መቅደስ ስታይ ብትፈዝ ጥፋት አይደለም። ለባለቤትሽም ይህን ደብቀሽው ከሆነ እሱ የሚያየው ቁጣሽን ብቻ ነው፤ ድካምሽን ሳይሆን። «ካንተ ጋር መሆን አልሰለቸኝም፤ መንቀሳቀስ ግን ሰልችቶኛል» በዪው። ምናልባት እሱም ወደ አውሮፓ የሚቸኩለው ቦታ ሲቀየር እናንተም የምትቀየሩ መስሎት ይሆናል። ጠይቂው።

ስለ አውሮፓው ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው። እንደ ጎብኚ በሸንገን አገሮች፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የሚፈቀድላችሁ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው በገባችሁበት ቀን ነው፣ ብትተኙም ይቆጥራል። ደክማችሁ ከገባችሁ እያንዳንዱ የእረፍት ቀን እንደ ኪሳራ ይታያችኋል፤ ያም አዲስ ጠብ ይሆናል። ከ«እንቀጥል» እና ከ«እናቁም» ሌላ ሦስተኛ መንገድ አላችሁ፦ ከተለያያችሁባቸው ቀናት በኋላ ቪዛው በሚፈቅድላችሁ አንድ ቦታ ለአንድ ወር ተቀመጡ፣ ወጥ ቤት ያለው ክፍል ተከራዩ፣ ቦርሳውን አራግፉ። በወሩ መጨረሻ ሁለታችሁም ጠግባችሁ በተኛችሁበት ጠዋት ስለ ቀጣዩ አህጉር ተነጋገሩ። እስከዚያ ትኬት አትቁረጡ።