እግርህን የያዘው ቁልቁለቱ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በእግራችን ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘን፣ በእግራችንም ተመለስን። በዕለቱ ደህና ነበርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ጭኔ አላላውስ አለኝ፤ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ በጎን ነው። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው፣ ታሸት ይወጣል» ይለኛል። እውነት ነው?
ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦ ጓደኛህ አይፈረድበትም፣ በየጂሙ የሚወራው ይኸው ነው። ግን ልክ አይደለም። ላክቲክ አሲድ ዳገት ስትወጣ በጡንቻህ ውስጥ ይበዛል፤ ካረፍክ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠራል፣ ልብህና ጉበትህ መልሰው ይጠቀሙበታል። እሑድ የጠፋ ነገር ማክሰኞ እንዴት ያሳምምሃል?

የያዘህ ቁልቁለቱ ነው። የተቀቀለ የበሬ ሥጋ በጣትህ ስትገነጥለው ክር ክር እያለ ይለያይ የለ? ያ የጡንቻ ክሮች ጥቅል ነው። አንዱ ክር ራሱ አንድ ሕዋስ ነው፣ ያውም ብዙ ኒውክለስ ያለው፣ አንዳንዴም ብዙ ሴንቲሜትር የሚረዝም ጉደኛ ሕዋስ። በውስጡ ከዳር እስከ ዳር ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረዋል፣ እነሱም በየ2 ማይክሮሜትሩ (የሚሊሜትር ሺኛ ክፋይ ነው) ገደማ ይከፋፈላሉ። እያንዳንዷ ክፍል ሳርኮሜር ትባላለች። ሥራው ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ቀጭኑ አክቲንና ወፍራሙ ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ተሰካክተው ይቀመጣሉ፤ ነርቭ ትእዛዝ ሲሰጥ ካልሲየም ይለቀቅና ማዮሲኑ አክቲኑን እየያዘ፣ እየሳበ፣ እየለቀቀ፣ ደግሞ እየያዘ ወደ መሐል ይጎትተዋል። ሁለቱም ራሳቸው አያጥሩም፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ደርሰውበት በአንድ ጊዜ ነው ያሳተሙት።

እና ዳገት ስትወጣ የፊት ጭንህ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስትወርድ ግን እንዳትወድቅ ሰውነትህን ይዞ እያለ በግድ ይለጠጣል። ማዮሲኑ ይጎትታል፣ ክብደትህ ያላቅቀዋል፤ በዚህ ግብግብ ደካሞቹ ሳርኮሜሮች ከልክ በላይ ተስበው ይጎዳሉ። ቁልቁለት ትንፋሽ ስለማያሳጥር ቀላል ይመስላል፣ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ሰውነት የተጎዳውን ለመጠገን የሚያስነሳው ብግነት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፣ ስለዚህ ሕመሙ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

መታሸቱ ደስ ካለህ ታሸት፣ ትንሽ ያስታግሳል። የሚወጣ አሲድ ግን የለም። ቀስ እያልክ ተራመድ፣ በጥቂት ቀን ይለቅሃል። ብዙ ሳትቆይ ደግመህ ብትሄድም እንዲህ አይዝህም፣ ጡንቻ ይለምዳል። ሽንትህ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ቤት ሂድ፤ ክፉኛ ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣው ነገር ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ለበዓል ቅርጫ ስንካፈል ሥጋው ተገፎ ተቆርጦም ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቴ ፈርታ አልበላም አለች። ምንድን ነው?
ከኮቺ፣ ጅማ

መልስ፦ በሬው ሞቷል፣ «አይዞሽ» በላት። የጡንቻ ሕዋሶቹ ግን ኤቲፒ የሚባለውን ጉልበታቸውን ገና አልጨረሱም፤ ቢላዋ ሲነካቸው ካልሲየም ይለቀቅና ይኮማተራሉ። ኤቲፒ ማዮሲኑ አክቲኑን እንዲለቅ የሚያደርገውም ስለሆነ፣ ሲያልቅ ሁለቱ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ከሰዓታት በኋላ ሥጋው ግግር የሚለው በዚህ ነው። ኋላ የራሱ ኢንዛይሞች ሲቆራርጡት ይለሰልሳል። ጥሬውን ልትበሉ ካሰባችሁ ግን የሚያሰጋው መንቀጥቀጡ አይደለም፣ ኮሶ ነው።