ስሙን ያልጠራችሁት አቤት አይልም

ልጆቼ፣ በኮቪድ ጊዜ ከቦሌ ለመብረር አፍንጫችሁን ያስመረመራችሁ ሁሉ ፒሲአርን ታውቁታላችሁ። "ኔጌቲቭ" የሚል ወረቀት ይዞ መሮጥ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍ መጨነቅ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚሁ መሣሪያ ጋር ነበርኩ። የኔ ናሙና ግን ከባሕር የሚቀዳ ውሃ ነበር።

የሠራሁት በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ማስል በሚረባበት አካባቢ ነው። ማስል ጥቁር ዛጎል ያለው፣ ባሕር ውስጥ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ እንስሳ ነው። ያገሬ ሰው ሥራዬን ስነግረው "እንዴ፣ እሱንም ይበላሉ?" ይለኛል። ይበላሉ፣ ያውም ከነሾርባው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቀምሼው አላውቅም። የሚበላው ሰው እንዳይታመም መጠበቅ ግን እንጀራዬ ነበር።

ባዮቴክኖሎጂ የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "የቱን መሣሪያ ብንማር ያዋጣናል?" መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በፈረንጆች 1995 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቢያንስ ስምንት ሰዎች ማስል በልተው ታመሙ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት። ማስሉ የመጣው ከኪለሪ ነበር፤ በጎልዌይና በሜዮ መካከል ወደ የብስ ከሚገባ ረጅምና ጠባብ የባሕር ክንድ። ማስል ውሃ እያጣራ ነው የሚኖረው፤ በውሃው ውስጥ ያለችው ደቃቅ አልጌ መርዛም ከሆነች መርዙ ሥጋው ውስጥ ይከማቻል። የበሽተኞቹ ምልክት ያኔ ከሚታወቅ አንድ የአልጌ መርዝ ጋር ይመሳሰላል። ሲለካ ግን ያ መርዝ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ሌላ ነገር ተለይቶ አዛስፒራሲድ የሚለውን ስም ያገኘው በ1998 ነው።

መርዙ ታወቀ፤ ግን ማን ነው የሚሠራው? በ2003 ፕሮቶፔሪዲኒየም የሚባል ፍጥረት ላይ ጣት ተቀሰረ። ትልቅ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መርዙም ውስጡ ተገኝቷል። ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ችግሩ ይሄ ፍጥረት ራሱ ሌሎችን የሚበላ መሆኑ ነው። ሆዱ ውስጥ የተገኘ መርዝ የበላው ነገር ሊሆን ይችላል። በ2007 ኡርባን ቲልማን የተባለ የጀርመን ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከስኮትላንድ በስተ ምሥራቅ፣ ከሰሜን ባሕር ከቀዱት ውሃ አንዲት ሚጢጢ ሕዋስ ነጥለው አሳደጉ። መርዙን የምትሠራው እሷ ሆና ተገኘች። በ2009 አዛዲኒየም ስፒኖሰም ተብላ ተመዘገበች። ርዝመቷ ከ12 እስከ 16 ማይክሮሜትር ነው፤ ከስልሳ እስከ ሰማንያ ያህሉ ተሰልፈው ነው አንድ ሚሊ ሜትር የሚሞሉት።

እስካሁን ለምን ሳትታይ ቀረች? ቆጠራውን ላሳያችሁ። 25 ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ሉጎል የሚባል አዮዲን ጠብ ይደረግበትና በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያድራል። ደቃቁ ሁሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ከሥር ወደ ላይ በሚያይ ማይክሮስኮፕ መስመር በመስመር ትቆጥራላችሁ። አንገት ያማል፣ ዓይን ይፈዛል። አዛዲኒየም እዚያ ውስጥ አንዲት ቡናማ ነጥብ ናት። አጠገቧ ያለው፣ ማንንም የማይጎዳው ነጥብም ቁርጥ እሷን ነው። በእርግጠኝነት ለመለየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ያን ለየሳምንቱ ናሙና ማን ያደርገዋል?

የዘረመል ምርመራው፣ ያው ፒሲአር፣ ያዳነን እዚህ ላይ ነው። ውሃው በማጣሪያ ያልፋል፣ ማጣሪያው ላይ ከቀረው ዝቃጭ ዲኤንኤ ይወጣል። ከዚያ ፕራይመር ይጨመራል፤ ለአንድ ዝርያ ብቻ ተብሎ የተሠራ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ቱቦው 95 ዲግሪ ይሞቃል፣ ወደ 60 ይወርዳል፣ መልሶ ይሞቃል። በየዙሩ የተፈለገው ቁራጭ እጥፍ ይሆናል። 30 ዙር ሲሞላ ከአንዱ አንድ ቢሊዮን ገደማ ተባዝቷል። በመካከል ስክሪኑ ላይ መስመር ብድግ ይላል፤ ቶሎ ከተነሳ ብዙ ነበረች፣ ከዘገየ ጥቂት። ጠዋት የገባ ውሃ ሳይመሽ መልስ ያገኛል። አርቢውም መርዙ ማስሉ ውስጥ ሳይጠራቀም ቀድሞ ይነቃል።

ይሄን ያየ አንድ አለቃ ነበረን፤ "ከእንግዲህ ማይክሮስኮፑ መጋዘን ይግባ" አለ። እኔም ማይክሮስኮፑ እንዳይወሰድ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።

ምክንያቱም ፕራይመር ስም ጠሪ ነው። የተጠራው ብቻ "አቤት" ይላል። የሌላ መርዛማ አልጌ ዲኤንኤ ቱቦው ውስጥ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ስሙ ካልተጠራ ዝም ነው። ደግሞ አስቡት፤ በ1995 ይሄ ማሽን ከነሙሉ ዕቃው ኪለሪ ላይ ቢኖር ምን ይፈይድ ነበር? ማንም የማያውቃትን ሕዋስ ፕራይመር ማን ይሠራላታል? መጀመሪያ አንድ ሰው በትዕግሥት ውሃ ውስጥ ፈልጎ፣ ነጥሎ፣ አሳድጎ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ "የቱን መሣሪያ" ላላችሁኝ፣ ከሁሉ በፊት ውሃውን ማየት ልመዱ እላችኋለሁ። ማሽኑን መጫን በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

ሌላው፣ ምርመራው ሕዋሷን እንጂ መርዙን አይለካም። አልጌዋ ከውሃው ጠፍታ መርዙ ማስሉ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቢቀቀልም አይለቅም። የአውሮፓ ሕግ የሚያየው በሥጋው ውስጥ ያለውን ነው፤ በኪሎ ከ160 ማይክሮግራም ካለፈ አይሸጥም። ያ የኬሚስትሪ ሥራ ነው።

ስለ ባዶው ቱቦ ግን ልለፍላችሁ አልችልም። በእያንዳንዱ ምርመራ ዲኤንኤ የሌለበት ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ቱቦ ይገባል። ዝም ማለት አለበት። አንዳንዴ 36ኛው ዙር ላይ መስመር ያነሳል። ዓርብ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጣችሁ ነው። "ትንሽ ናት፣ እንለፋት" ትላላችሁ። አትለፏት! ወይ ፒፔቱ፣ ማለትም ፈሳሽ መቅጃው፣ ተበክሏል፣ ወይ ጠረጴዛው ላይ ትናንት የተባዛው ዲኤንኤ ፈሷል። ጠረጴዛውን በበረኪና አጥቡ፣ አዲስ ውሃ ክፈቱ፣ እንደገና ሥሩ።

ወረቀቱ ላይ የምትጽፉትንም ተጠንቀቁ። "ውሃው ከመርዝ ነጻ ነው" ብላችሁ እንዳትጽፉ። "በዚህ ናሙና ውስጥ አዛዲኒየም ስፒኖሰም አልተገኘም" በሉ። አርቢው ደውሎ "ታዲያ ነገ ላውጣ?" ይላችኋል። መልሱ በሥጋው ምርመራ እንደሚወሰን ንገሩት። ይቆጣል። ባንክ ዕዳ አለበት፣ ገዢው መኪና ልኳል፣ አይፈረድበትም። ስልኩን ግን አንሱ።

አገር ቤት ያላችሁ ባሕር የለንም ብላችሁ እንዳትተዉት። ቆቃ አለላችሁ። እዚያ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ፍጥረት፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። ሁሉም ግን አይሠራም። መርዙን የሚሠራው ዘረመል ያለውና የሌለው በማይክሮስኮፕ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ይሄው ምርመራ ነው። ዘረመሉ ተገኘ ማለት ግን መርዙ ተለካ ማለት አይደለም፤ እሱ እዚህም አልተቀየረም።

ናሙና ልትወስዱ ከሄዳችሁ ሁለት ጠርሙስ ያዙ። አንዱ ላይ ለማይክሮስኮፑ ሉጎል ጨምሩ፣ ሌላውን ለዘረመል ምርመራው በረዶ ውስጥ አድርጉ። ማይክሮሲስቲስ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ እየገፋ ወደ አንድ ዳር ይከምረዋል። ስለዚህ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ጻፉ። በጀልባ መሐል ገብታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ከሚወርዱበት ዳርም ቅዱ።