ለኤልክ አደን የትኛውን ጥይት ልያዝ?

ጥያቄው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ግዛት፣ ከኦሮራ ነው። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው። «የኤልክ አደን እጣ ወጥቶልኛል። ጠመንጃዬ .308 ካሊበር ነው። ለኢላማ ልምምድ የገዛሁት ሁለት ሳጥን ጥይት አለኝ፤ እሱን ይዤ ልውጣ? ሥጋውን ልጆቼ ስለሚበሉት ጥይቱ ውስጥ ያለው መርዛማው እርሳስም አሳስቦኛል» ይላል።

ወንድሜ፣ ያንን ጥይት ለኢላማው ተወው። እርሳሱ እስከ አፍንጫው ድረስ በብረት ልባስ ተሸፍኗል፤ የተሠራው ወረቀት ለመብሳት ነው። እንስሳ ሲመታ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት፣ ማለትም አፍንጫው ሳይሰፋ፣ ገብቶ ሳይከፈት ይወጣል። ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ደሙም ቶሎ አይፈስም። ኤልኩ ቆስሎ ጫካ ይገባና ለሰዓታት ይሠቃያል። ይህን ማንም አዳኝ በእጁ ሊያደርገው አይገባም። የኮሎራዶ ሕግም አይፈቅድም። ለኤልክ የሚተኮስ ጥይት ሲመታ የሚከፈት፣ ቢያንስ 85 ግሬን የሚመዝን፣ በ100 ያርድ ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ያለው መሆን አለበት። ክብደቱንና ጉልበቱን .308 በቀላሉ ያሟላል። የአንተ ጥይት የጎደለው መከፈቱ ነው።

ታዲያ የቱን ትግዛ? ትልቅ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ርካሹ ባለ እርሳስ ጥይት በቅርብ ርቀት የትከሻ አጥንት ካገኘ ሳንባ ሳይደርስ ሊበታተን ይችላል። ልባሱ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀው ዓይነት ይሻላል። ልጆች የሚበሉት ከሆነ ግን እኔ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነውን እመርጣለሁ፤ 150 ወይም 165 ግሬን። እርሳስ ሲሰባበር ዓይን የማያየው ብናኝ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ቁስሉን ቆርጦ መጣል ብቻ አያጠራውም።

ከአንድ ኤልክ ቆዳ ሥር ያወጣሁት የመዳብ ጥይት የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አፍንጫው አራት ቦታ ተሰንጥቆ እንደ አበባ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ስመዝነው ከ165 ግሬኑ የጎደለው 3 ብቻ ነው።

መዳብ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። የሳጥኑን ጀርባ እይ፤ ብዙዎቹ ላይ ፍጥነቱ በየርቀቱ ተጽፏል። በሴኮንድ ከ2,000 ጫማ በታች የሚወርድበት ርቀት ላይ አትተኩስ። ተንበርክከህ በዚያ ርቀት ሰሃን የሚያህል ክብ ውስጥ ደጋግመህ ማስገባት ካቃተህ ደግሞ ወሰንህ ከዚያም ይቀርባል።

ጥይት ስትቀይር አፈሙዙን በደንብ አጽዳና ማነጣጠሪያህን እንደገና አስተካክል። የመዳቡ ጥይት የድሮው ያረፈበት ቦታ ላይ ላያርፍ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ሁለት ሳጥን ግዛ፣ አንዱን ኢላማ ላይ ጨርሰው።

ኤልኩ ጎኑን ሰጥቶህ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ የታችኛው ጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ አድርገህ ተኩስ። ጀርባውን ከሰጠህ ቃታውን አትንካ። እንደተኮስክ ሌላ አጉርስ፤ ካልወደቀ ድገም። ከዓይንህ ከተሰወረ ግማሽ ሰዓት ጠብቅና መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ ፈልግ፤ ደሙን የምትከተለው ከዚያ ነው።