አሮጌውን የቡና መቁያ ማሽን ከመቀባትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በጋዝ የሚሠራ የጥንት የቡና መቁያ ማሽን እጅህ ገብቷል፣ ከበሮው አልዞር ብሏል፣ «ዝገቱን አስፍቄ ቀለም ልቀባው ወይ?» ነው ያልከው። ቆይ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ማሽኔን ከቀለም ጀምሬው ሁለቴ ለመቀባት ተገድጃለሁ።

ከሁሉ በፊት ሙቀት መከላከያውን እይ። በውጭው ቆርቆሮና በከበሮው መሃል ወይም በበሩ ዙሪያ ነጣ ያለ ገመድ ወይም ካርቶን የመሰለ ነገር ካለ አትንካው። በድሮ ማሽኖች አስቤስቶስ የተባለው ሙቀት የሚችል ጭረታማ ማዕድን የተለመደ ነበር። በዓይን አይለይም፣ ናሙናው ላብራቶሪ መታየት አለበት። አትፋቀው፣ አትጥረገው፣ በአየር አትንፋው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ጉዱን የሚያወጣው። እሱን የሚያነሳ ባለሙያ ፈልግ፤ እዚህ ላይ ጀግንነት አይሠራም። የድሮ ቀለምም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍገው።

አሁን ወደ ከበሮው። በጉልበት አትታገለው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት የኩሽኔታው ነው፤ ግራሶው ከቡና ብናኝ ጋር ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ይደርቃል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጣውና አሳድረው። በማግስቱ በእጅህ ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርገው። ስትፈታ ሁሉንም ፎቶ አንሳ። በተለይ ዘንጉ ላይ ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች (ቀለበት መሳይ ብረቶች) ከየትኛው ጎን እንደወጡ ጻፍ። እኔ አንዷን «ትርፍ ናት» ብዬ ጣልኳት።

ትርፍ አልነበረችም። ከበሮውን መልሼ ስገጥም ከፊተኛው ሳህን (የማሽኑን ፊት ከሚዘጋው ብረት) ጋር ወረቀት እንኳ እንዳያስገባ አድርጌ አስጠጋሁት። በእጅ ሲዞር ልክ እንደ ሰዓት! ኮራሁ። እሳት ለኩሼ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ከዚያ ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ መንሸራተት ጀመረ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከበሮው ቆመ። ውስጡ ደግሞ ቡና ነበር። እንዲህ ከገጠመህ መጀመሪያ ጋዙን ዝጋ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ከበሮ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። የውጭው አካል የከበሮውን ያህል ስለማይሞቅ እኩል አይረዝምም። የኔ ከበሮ ከኋላ የተያዘ ስለሆነ የሚያድገው ወደ ፊት ነበር። ያቺ ሮንዴላ ቦታ የያዘችው ለዚህ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን በቀዝቃዛው ለካና ባዶውን እያዞርክ ቀስ በቀስ አሙቀው፤ ጆሮህን ጣል። በጣም ካሰፋኸው ደግሞ ስባሪ ፍሬ ይገባና ይፈጫል። ኩሽኔታው ውስጥ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ግራሶ አድርግ፤ ተራው ቀልጦ ይንጠባጠባል።

ጋዙስ? ማሽንህ ከድንጋይ ከሰል ለሚወጣው የድሮ የከተማ ጋዝ ተሠርቶ ከሆነ ጋዙ የሚወጣባቸው የአፍንጫዎቹ ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው። የሲሊንደር ጋዝ በእኩል መጠን አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ስላለው በዚያው ቀዳዳ ብትለቀው ቢጫ ነበልባልና ጥላሸት ነው ትርፉ። አፍንጫዎቹን የጋዝ ባለሙያ ይቀይርልህ። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ቫልቭም ያስገባልህ፤ በድሮዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

የጭስ ማውጫውን እስከ ጫፉ ፍታው። የቡና ገለባና የደረቀ ዘይት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቅሃል፤ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል።

ከበሮውን ከውስጥ በብረት ብሩሽ ፋቀው እንጂ ምንም ቀለም አታስነካው። ኬሚካልም አትጠቀም። እኔ በላምባ አጥቤው ነበር። ለሙከራ ያረጀ ቡና እየቆላሁ ጣልኩ፤ የመጀመሪያው ላምባ ላምባ አለ፣ ሁለተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ላይ ነው ቡና ቡና የሸተተኝ።