በትርጉም የተነበበ ልብ ወለድና የተማሪው የግል ምላሽ

የፖርቱጋልኛ ልብ ወለዶችን በትርጉም ያነበበ ተማሪ የሚጽፈው የግል ምላሽ ለደራሲው ይሁን ለተርጓሚው እንዴት እንደሚለይ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት መለያው፣ ስሜቱ ከየትኛው የጽሑፉ ክፍል እንደመነጨ ተማሪው ማሳየት መቻሉ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ ስለ ዕውርነት ወረርሽኝ የሚተርከውን የፖርቱጋላዊውን ደራሲ የጆዜ ሳራማጎን ልብ ወለድ ያነበበ ተማሪ «ማን እንደሚናገር ጠፋብኝ» ብሎ ቢያማርር፣ ጥፋቱን በተርጓሚው ላይ መጫን አይገባውም፤ ደራሲው ራሱ ገጸ ባሕርያቱን ስም ሳይሰጥ፣ ንግግራቸውንም ያለ ትእምርተ ጥቅስ በነጠላ ሰረዝ ብቻ እየለየ ስለጻፈ፣ አንባቢው ከታወሩት ሰዎች ጋር አብሮ ይደናበራል፤ ጥሩ ምላሽም ከዚያው መደናበር ሊጀምር ይችላል። በብራዚላዊው ደራሲ በማሻዶ ዴ አሲስ ልብ ወለድ «ዶም ካዝሙሮ» (1899 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሚስቱ ካፒቱ እንደከዳችው የሚነግረን ባልየው ብቻ በመሆኑ፣ ተማሪው ለምን እንዳመነው ወይም እንዳላመነው (እኔ አላመንኩትም) እንዲጽፍ ማድረጉ በቂ ነው። ተርጓሚው ጎልቶ የሚታየው በቃላት ጨዋታ ላይ ነው፤ የሞዛምቢኩ ደራሲ ሚያ ኩቶ ቃላትን እያዳቀለ አዳዲስ ስለሚፈጥር፣ ተማሪውን ያስደነቀው ቃል የተርጓሚው ፈጠራ ሊሆን ይችላል።