ካንጂ፣ ማለትም የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክት፣ በቀን ስንት ይያዝ? ዛሬ ማታ አለሁ፣ ጠይቁ

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በቀን 20 ብይዝ በ4 ወር ጆዮ ካንጂውን፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመረጡትን 2136ቱን፣ አልጨርስም?

መልስ፦ 2136ን ለ20 ስታካፍለው 107 ቀን ነው፣ ልክ ነህ፣ ግን ክለሳውን ረሳኸው። አንኪ ላይ፣ ያው በካርድ የሚያስጠናው አፕ፣ ዛሬ የከፈትካት ካርድ ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም፣ ሳምንት ቆይታም፤ እኔም በ20 ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ስከፍተው 180 ካርድ ተኮልኩሎ ጠበቀኝ፣ ሁለት ቀን ዘለልኩ 400 አለፈ፣ በቃ አራት ወር ዞር ብዬም አላየሁት። አሁን በቀን 5 አዲስ ነው፣ ክለሳው 60 ካለፈ ዜሮ። ክለሳ ሳያልቅ አዲስ አይከፈትም! ጃፓን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እኮ በዓመት 80 ነው የሚማረው፣ ስድስተኛን ሲጨርስ 1026፣ ያውም አፉን የፈታበት ቋንቋ ሆኖ።

ጥያቄ፦ የቱ አፕ ይሻላል?

መልስ፦ በየቀኑ የምትከፍቺው።

ጥያቄ፦ እኛ 231 ፊደል በልጅነታችን የለየን ሰዎች ይሄ ያቅተናል እንዴ?

መልስ፦ ፊደል ድምፅ ነው፣ «ለ» የትም ብትሄድ «ለ» ነው። ሰው የሚለው ካንጂ ግን ብቻውን «ሂቶ»፣ «ኒሆንጂን» ውስጥ «ጂን»፣ «ሳንኒን» ውስጥ «ኒን»። ስለዚህ ከነቃሉ ያዘው።

ጥያቄ፦ «መጠበቅ» እና «መያዝ» ተምታቱብኝ።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! የሁለቱም ቀኝ ጎን «ቴራ» ነው፣ ቤተ መቅደሱ። ግራውን እዪ፦ መጠበቅ፣ «ማትሱ»፣ ላይ የመሄድ ምልክት፤ መያዝ፣ «ሞትሱ»፣ ላይ እጅ። በእጅ ይያዛል፣ አለቀ። እዚያው ግራ ላይ ፀሐይ ካደረግሽ «ቶኪ»፣ ጊዜ። ሦስቱን ባንድ ቀን እንዳትከፍቺ ብቻ፣ አንዱ ይርጋ።

አባል፦ በእጅ ካልጻፉት አይለይም።

ሌላ አባል፦ ዛሬ ማን በእጅ ይጽፋል? ስልኩ ያወጣልሃል፣ ጃፓኖቹም እየረሱት ነው።

አባል፦ እሺ፣ ቀበሌያቸው ሄደህ የአድራሻ ፎርም በስልክህ ሙላላቸው!

መልስ፦ ተዉ እናንተ። የሚምታቱብህን ብቻ ጻፍ፣ ሁሉን ከጻፍክ ክለሳው አያልቅም፣ ክለሳ ካላለቀ ደግሞ ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት፣ በቀን ስንት ብይዝ ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ በናትህ ከላይ አንብብ። 5። የተጠራቀመ ካለብህ ዜሮ።